ደህና ነን ያሉት ችግኞች

«ለሐይቅዳር የትምባሆ ችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች በሙሉ፣ እንዲሁም ለተከበራችሁ ችግኞች! ዛሬ ሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2131 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ውሃ ይጠጣል።»

ማስታወቂያውን በድምፅ ማጉያ ያነበበው ሰይፉ ነበር፣ የጣቢያው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ። ውሃ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይጠጣል። ትናንትም ተጠጥቷል። ሰይፉ ግን ሁልጊዜ ከማንበቡ በፊት ክራባቱን ያስተካክላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ የሰላም ስምምነት የሚያበስር ሰው ፊት ይይዛል። የሚያየው የለም፤ ክፍሉ መስኮት እንኳ የለውም።

ሐይቅዳር ሐይቅ የላትም። ሐይቁ ከደረቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የከተማዋን ስም እንዲቀይር የተቋቋመው ኮሚቴ እስካሁን ስብሰባ ላይ ነው። ሐይቁ ትቶላት የሄደው ነጭ አቧራ ነው። አቧራው በነፋስ ይነሣል፣ ከተማዋን በሸፈነው የመስታወት ጣሪያ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፣ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዴ ከተቀመጠ አይነሣም። በሽታውን ሰዉ «ነጩ» ይለዋል። ነጩን የሚያስታግሥ አንድ መድኃኒት ብቻ አለ፣ እሱም የሚጨመቀው ከትምባሆ ቅጠል ነው። የድሮ ሰዎች ይህንኑ ቅጠል ሳንባቸውን ለማቃጠል ይጠቀሙበት እንደነበር አስተማሪዎች ሲናገሩ ተማሪዎቹ ይስቃሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል።

ውሃው ከተጠጣ በኋላ ሙዳይ አጥናፌ የዕለት ሥራዋን ጀመረች። ሥራዋ ሰላምታ መስጠት ነው። መታወቂያዋ ላይ «የሰላምታ ቴክኒሻን፣ ደረጃ ሦስት» የሚል ተጽፏል። ደረጃ አንድና ሁለት ምን እንደሚሠሩ አታውቅም፤ አንድም ቀን አግኝታቸው አታውቅም።

«እንደምን አደራችሁ?» አለች አንደኛው ጠረጴዛ ፊት ቆማ።

«ደህና ነን፣ ተመስገን» አለ ጠረጴዛው።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት መቶ ችግኞች ተደርድረዋል። በእያንዳንዳቸው አንገት ላይ ከፀጉር የቀጠነ የብር ክር ተጠምጥሟል። ክሩ በግንዱ ውስጥ የሚመላለሰውን ውሃና ኤሌክትሪክ ያዳምጣል፤ ከዚያ በጠረጴዛው ጥግ ባለች ትንሽ ማጉያ በኩል በአማርኛ ይናገራል። መሣሪያው አፈ ቅጠል ይባላል። ችግኝ ቋንቋ የለውም። አፈ ቅጠል የሚለው፣ አንድ ሰው በዚህ ችግኝ ሁኔታ ላይ ቢሆን ኖሮ ይለው የነበረውን ነው። ቢያንስ ከመሣሪያው ጋር የመጣው መመሪያ እንዲያ ይላል፤ መመሪያውን ያነበበ ሰው ስለመኖሩ ግን ማስረጃ የለም።

«በጣም ደህና ናችሁ?»

«በጣም ደህና ነን።»

ሙዳይ ጻፈች። ሁለተኛው ጠረጴዛም ደህና ነበር። ሦስተኛውም። አርባኛው ጋ ስትደርስ አሥራ ሁለት ሺህ ችግኝ ደህና መሆኑን መዝግባ ነበር፤ እጇም ደህና የምትለውን ቃል ሳታያት መጻፍ ለምዷል።

ከአራት ሳምንት በፊት ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ያኔ ችግኞቹ የሚኖሩት በጣሳ ነበር፤ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ የድልህ ጣሳ፣ የቀለም ጣሳ፣ ታጥቦ፣ ታቹ በምስማር ተበስቶ። ጠዋት ጠዋት ሙዳይ ገና በሩን ስትከፍት ጩኸቱ ይቀበላት ነበር። «ኧረ ምን ደህና አለ! ውሃው በረዶ ነው። ይሄ ጎረቤቴ ጥላውን ጥሎብኛል። መብራቱን ማነው እንዲህ ቶሎ ያጠፋው?» መዝገቡ በአቤቱታ ተሞልቶ ጆሮዋ እስኪደነቁር ድረስ ትሰማ ነበር።

በመጨረሻ የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር አንዳርጌ መፍትሔ አመጡ። «ለእንግዳ ውሃ በጣሳ ይሰጣል እንዴ?» አሉ በስብሰባ ላይ። ሁሉም አፈረ። እውነትም በጣሳ አይሰጥም። ዶክተሩ ራሳቸው የነደፉት አዲሱ ማሳደጊያ ብርሃነ ጽዋ ተባለ፤ እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ መዳፍ የሚያህል፣ ከሥሩ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ጽዋ። ታቹ ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ ውሃ አይንጠባጠብም፣ ወለሉም አይጨቀይም። ችግኞቹ በተዛወሩ በሳምንቱ አቤቱታው ቀነሰ፤ በሁለተኛው ሳምንት ጠፋ። አሁን ሁሉም ደህና ነው። ዶክተር አንዳርጌ ጣቢያዎቹን ለሚመራው ኮሚሽን በላኩት ዘገባ ላይ «የችግኝ እርካታ፦ መቶ ከመቶ» ብለው ጻፉ። አርብ ዕለት ኮሚሽነሯ መጥተው ችግኞቹን ይረከባሉ፣ ጽዋውም በአገሪቱ ጣቢያዎች ሁሉ እንዲገባ ይፈርማሉ።

ሙዳይ አርብን የምትጠብቀው በሌላ ምክንያት ነበር። ችግኞቹ አርብ ወደ መጭመቂያው ይሄዳሉ፤ በአሥር ቀን ውስጥ መድኃኒት ሆነው ይወጣሉ። ለአንድ በሽተኛ ዘጠኝ ችግኝ ይበቃል። የከተማው አንድ ሺህ ሦስት መቶ የነጩ በሽተኛ ይህንን ምርት ነው የሚጠብቀው፤ ከእነሱ አንዱ ሐኪም ቤት የተኙት አባቷ አቶ አጥናፌ ናቸው። የመጨረሻው መርፌያቸው የሚይዛቸው ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ሌላ ችግኝ ለማድረስ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል።

በረፍት ሰዓት ደወለችላቸው።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«በጣም ደህና?»

«በጣም ደህና ነኝ፣ ልጄ። አንቺስ? ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። አጥሚቱስ? ባለፈው ‹ይሄ አጥሚት ሳይሆን የዕቃ እጣቢ ነው› ስትል አልነበር?»

«ጥሩ ነው። ሁሉም ጥሩ ነው።»

«ያ ሬዲዮ የሚያስጮኸው ያልጋ ጎረቤትህስ?»

«ምስኪን… ጥሩ ሰው ነው።»

ሙዳይ ስልኩን ስትዘጋ ፈገግ አለች። አቶ አጥናፌ ጡረታ የወጡ የመብራት ሠራተኛ ናቸው። በዕድሜያቸው ሙሉ ጥሩ ነው ያሉት ነገር ቢፈለግ አይገኝም። ልጃቸው የተመረቀች ቀን እንኳ ደስታቸውን የገለጹላት «አዳራሹ ይሞቃል» በማለት ነበር። አሁን ግን ተረጋግተዋል። ተሽሏቸው መሆን አለበት።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ!»

የጠሯት ጋሽ ኦርካይዶ ናቸው። ጋሽ ኦርካይዶ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ ትምባሆ መትከል የጀመሩት አፈ ቅጠል ከመፈልሰፉ በፊት፣ ችግኝ ዝም በሚልበት ዘመን ነው። ጽዋው ሲመጣ ጣሳቸውን አልሰጥም ብለው ነበር። ዶክተር አንዳርጌ ተለሳልሰው አንድ ጠረጴዛ ብቻ፣ ከማዳበሪያው መጋዘን ጀርባ፣ «ለማነጻጸሪያ» በሚል ተዉላቸው። እዚያ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ችግኞች በጣሳ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫሉ።

«ይሄ ያንቺ አርባኛ ጠረጴዛ» አሉ ጋሽ ኦርካይዶ፣ «የታች ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። አይተሽዋል?»

«ደህና ነን ብለዋል እኮ።»

«ምን እንዳሉ አልጠየቅሁሽም። አይተሽዋል ወይ ነው ያልኩሽ።»

አላየችም ነበር። መጻፍ እንጂ ማየት ሥራዋ አልነበረም። ጋሽ ኦርካይዶ ዞር ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩና ከአርባኛው ጠረጴዛ አንድ ጽዋ አነሡ። ችግኙን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀስ አድርገው ሳቡት። ሥሩ ጽዋውን ሦስት ጊዜ ዞሮ ተጠምጥሟል፤ ቡናማ ነው፣ ያሙለጨልጫል፣ የረጋ ኩሬ ይሸታል። ከዚያ ከራሳቸው ጣሳ አንዱን አወጡ። ሥሩ ነጭ ነበር፤ እንደ ሕፃን ልጅ ፀጉር የበዛና የተንጨባረረ። ችግኙ ከጣሳው ሲወጣ «ኧረ ምን አድርጌህ ነው? ብርድ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«የትምባሆ ዘር ከአቧራ ያንሳል» አሉ ሽማግሌው ችግኙን መልሰው እያለበሱ። «ስትዘሪው አፈር አይለብስም፤ ብርሃን ይወዳል። ሥሩ ግን ጨለማ ነው የሚወደው። ደግሞ ውሃው የሚወርድበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። እነሱ ጋ ሥሩን መብራት አብርተውበት፣ ታቹን ደፍነውበት… ዶክተሩ ችግኙን እንግዳ ነው አሉ። ችግኝ እንግዳ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው ያለው።»

ሙዳይ ሁለቱን ሥሮች እያየች ቆመች። ከዚያ የበሰበሰውን በወረቀት ጠቅልላ ወደ ዶክተር አንዳርጌ ቢሮ ሄደች።

ዶክተሩ ወረቀቱን ከፍተው አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። መልሰውም ጠቀለሉት።

«ችግኞቹን ጠይቀሻቸዋል?»

«ጠይቄያቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ደህና ነን አሉ።»

«ታዲያ አንቺ ስለ እነሱ ከእነሱ የበለጠ ታውቂያለሽ?»

መመሪያውን ማንም እንዳላነበበው ትዝ ያላት ከቢሮው ስትወጣ ነበር።

መመሪያው ሁለት መቶ አሥር ገጽ ነው። ማክሰኞን ሙሉ በሰላምታ መካከል አነበበችው። በመቶ ስልሳ ስምንተኛው ገጽ ላይ፣ በትናንሽ ፊደል በተጻፈበት ቦታ፣ አፈ ቅጠል እንዴት አማርኛ እንደተማረ ተገልጿል። ሠሪዎቹ በገበያ፣ በመናኸሪያና በሐኪም ቤት አርባ ሺህ ሰው ጠይቀዋል። የእያንዳንዱን ሰው ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የደም ሁኔታ ለክተው ጤንነቱን ከመቶ አስቀምጠዋል፤ ከዚያ «እንዴት ነዎት?» ብለው የመለሰውን ቃል ቀድተዋል። መሣሪያው የተማረው የትኛው ሰውነት የትኛውን ቃል እንደሚል ነው። ድምፆቹ ሁሉ በመሣሪያው ውስጥ ተቀምጠዋል።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ ዘር ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ ጋሽ ኦርካይዶ ምሳቸውን ሲከፍቱ ሙዳይ ድምፆቹን ከፈተች።

ቁጥር 211። ወንድ፣ ዕድሜ 34፣ ጤንነት ከመቶ 96። «ኧረ ተወኝ ባክህ! ምን ደህና አለ? ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ጫማው ይጠበኛል፣ አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ፣ አንተ ደግሞ እዚህ አቁመህ ታደርቀኛለህ…» ሰውየው ሳያቋርጥ አራት ደቂቃ ተናገረ።

ቁጥር 212። ሴት፣ ዕድሜ 58፣ ጤንነት ከመቶ 60። «እንግዲህ አለሁ፤ እንደምታየኝ ነው።»

ቁጥር 213። ሴት፣ ዕድሜ 47፣ ጤንነት ከመቶ 9። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ፤ የተቀደደ ወንፊት ውስጥ የሚያልፍ ዓይነት ትንፋሽ። ከዚያ «ደህና ነኝ የኔ ልጅ። በጣም ደህና ነኝ። አንተስ?»

ጋሽ ኦርካይዶ መጉረስ አቆሙ።

ሙዳይ ወደ ፊት እየዘለለች ሰማች። ሦስት መቶ ሰው ያህል ሰማች። ከዘጠና በላይ የሆኑት ሁሉ ያማርራሉ፣ ይሳደባሉ፣ መንግሥትንና ጉልበታቸውን አንድ ላይ ይከስሳሉ። ከሃያ በታች ከሆኑት መካከል አንድም ያማረረ ሰው አልነበረም። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር መልሳቸው ያጥራል፣ ያምራልም። አንድ ጤንነቱ ከመቶ ሦስት የሆነ ሽማግሌ ጠያቂውን «ተቀመጥ፣ ቆመህ ደከመህ» ብሎት ነበር።

«መሣሪያው አይዋሽም» አለች ሙዳይ በመጨረሻ። «አማርኛ ነው የሚናገረው።»

«ለማማረርም እኮ ትንፋሽ ያስፈልጋል» አሉ ጋሽ ኦርካይዶ። «ደግሞ ያ የሚጠይቅሽ ሰው እንዳይደነግጥ ትፈልጊያለሽ። ባለቤቴ ስትሞት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹እራትህ ምድጃው ላይ ነው፣ ደህና ነኝ› ነው ያለችኝ። እኔ ጅሉ ሄጄ በላሁ።»

ሙዳይ የድምፁን ማጫወቻ አጠፋች።

«ጋሽ ኦርካይዶ…»

«አቤት።»

«አባዬ ሰኞ ዕለት ያልጋ ጎረቤቱን ጥሩ ሰው ነው አለኝ።»

ሽማግሌው የምሳ ዕቃቸውን ክዳን ገጠሙት። ምግቡ ገና አላለቀም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ዶክተር አንዳርጌ ጋ ገቡ። ሙዳይ የቁጥር 213ን ድምፅ አሰማች፣ ከዚያ የአንደኛውን ጠረጴዛ ድምፅ አስከትላ አሰማች። በሁለቱ መካከል ብዙ የቃል ልዩነት አልነበረም። ዶክተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ስንቱ ይተርፋል?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ዛሬውኑ ወደ ጣሳ ከመለስናቸው፣ ምናልባት ሲሶው» አሉ ጋሽ ኦርካይዶ። «ነገ ከሆነ አላውቅም።»

«አዳራሹ ተዘጋጅቷል። መብራቱ ተሰክቷል። ኮሚሽነሯ ሲመጡ አሥራ ሁለት ሺህ የዛገ ጣሳ ላሳያቸው?»

«ዶክተር፣ ሰው ነው የሚሞተው» አለች ሙዳይ።

«አርብ ይለፍና» አሉ ዶክተሩ። «ቅዳሜ ጠዋት እኔ ራሴ ምስማር ይዤ ጣሳ እበሳለሁ። አርብ ብቻ ይለፍ።»

ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ የልመና ነበር። ያ ደግሞ ሙዳይን ይበልጥ አስፈራት። ሐሙስ ዕለት እሷና ጋሽ ኦርካይዶ ሳያስፈቅዱ ከአርባኛው ጠረጴዛ ስልሳ ችግኝ ወደ ጣሳ ለማዛወር ሞከሩ። የስልሳዎቹም ግንድ እጃቸው ላይ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ መሞከሩን ተዉት።

አርብ ሆነ። ሰይፉ ክራባቱን ሁለት ጊዜ አሥሮ ሁለት ጊዜ ፈታ። አርባ የሚሆኑ ሠራተኞች ነጭ ካፖርት ለብሰው በሁለት ረድፍ ቆሙ። መደበኛው መብራት ጠፍቶ የጽዋዎቹ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ቀረ፤ እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

ኮሚሽነር ዘውድነሽ አጭር፣ በከዘራ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ንግግር አላበዙም። አንደኛው ጠረጴዛ ፊት ቆመው «እንደምን አደራችሁ?» አሉ።

አሥራ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ችግኝ፣ በአርባ ማጉያ፣ በአንድ ድምፅ መለሰ። «ደህና ነን፣ ተመስገን። በጣም ደህና ነን። እርስዎስ?»

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ጭብጨባው ሲበርድ ከማዳበሪያው መጋዘን ጀርባ ሌላ ድምፅ መጣ። «ኧረ ምን ደህና አለ! መብራቱን ማነው ያጠፋው? ሦስት ሰዓት ሆኗል እኮ! ሥራ የለንም እንዴ?» ሰዉ ሳቀ። ሰይፉ በሩን ለመዝጋት ሮጠ።

«ለክብርትነትዎ ማስታወሻ» አሉ ዶክተር አንዳርጌ፣ እጅግ የሚያምረውን ጽዋ በሁለት እጃቸው እያቀረቡ።

ኮሚሽነሯ ግን ገጠር ያደጉ ሰው ናቸው። ችግኝ ሲሰጣቸው ምስጋናው በኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሥሩን ማየት ነው ልማዳቸው። ከዘራቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ግንዱን በሁለት ጣት ይዘው ሳቡት። ችግኙ ያለ ምንም ትግል ወጣ። ከግንዱ በታች ምንም አልነበረም። ሥሩ ጽዋው ውስጥ ቀርቷል፣ ቡናማ ጭቃ ሆኖ።

የብር ክሩ አሁንም አንገቱ ላይ ነበር። «በጣም ደህና ነኝ» አለ ችግኙ፣ በእጃቸው ላይ እንዳለ።

ሙዳይ ሳትታዘዝ ወደ ሁለተኛው ጠረጴዛ ሄዳ አንድ ሳበች። ሥር የለውም። ከአሥረኛው ሳበች። ከሃያኛው ሳበች። እያንዳንዱ እጇ ላይ ሆኖ ደህንነቱን ተናገረ። ከዚያ ለኮሚሽነሯ በአጭሩ ነገረቻቸው፤ ስለ አርባ ሺህ ሰው፣ ስለሚያማርሩት፣ ስለማያማርሩት። ስትናገር ጣቶቿ ላይ የብር ክር ተጠምጥሞ ነበር።

«ከመጋዘኑ ጀርባ የሚጮኹት ስንት ናቸው?» አሉ ኮሚሽነሯ።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ለስንት ሰው ይሆናሉ?»

«ለሠላሳ አራት።»

«ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ።»

«አዎ።»

ኮሚሽነሯ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። «ሠላሳ አራቱ በምን ይመረጣሉ?»

ዶክተር አንዳርጌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «በደንቡ መሠረት በጣም የጠናባቸው ይቀድማሉ። የመለኪያ መሣሪያዎቹን ሁሉ አፈ ቅጠል ላይ ስላዋልናቸው ሐኪም ቤቱ… ሐኪም ቤቱ የሚለየው በጥያቄ ነው። ‹እንዴት ነዎት?› ተብለው ይጠየቃሉ።»

ከተናገሩ በኋላ ያሉትን ራሳቸው ሰሙት። ሌላውም ሰማ።

ኮሚሽነሯ ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ፤ እስክሪብቶም። ሙዳይን አዩዋት። «የታመመብሽ ሰው አለ፣ አይደል?»

«አባቴ።»

«እንዴት ናቸው?»

ሙዳይ እየሞተ ነው ልትል ነበር። ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከረቡዕ ጀምሮ ይዛው ነው የዞረችው። አፏ ግን ሌላ ነገር አወጣ። «ደህና ነው» አለች። «በጣም ደህና ነው።»

ኮሚሽነሯ ስለ ሕመሙ ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። ስሙን ጠይቀው፣ ቁጥር አንድ ብለው ጻፉት።

ከዚያ አንዲት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ «የእኔም እህት ደህና ናት» አለች። ተጻፈላት። «ወንድሜ ደህና ነው፣ በጣም» አለ ሌላው። «አክስቴ ከሁሉም በላይ ደህና ናት፤ ትናንት ሐኪሙን አመሰገነችው!» አለች አንዲት ሴት። ረድፉ ፈረሰ። ሰው በሰው ላይ ተደራረበ፤ ሁሉም የራሱን በሽተኛ ደህንነት ከጎረቤቱ በሽተኛ ደህንነት አስበልጦ ለማስረዳት ይጮህ ጀመር። ሰይፉ ድምፅ ማጉያውን እንደያዘ መጣና እናቱን አስጻፈ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ያለውን ደህንነት ሁሉ በሩብ ሰዓት ውስጥ አወጣ። ጋሽ ኦርካይዶ ብቻ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ የሚያስጽፉት ሰው ከሞተ ቆይቷል።

በሠላሳ አራተኛው መስመር ላይ የኮሚሽነሯ እጅ ቆመ። «ዶክተር፣ እርስዎ የሚያስጽፉት የለም?»

ዶክተር አንዳርጌ ጣቢያውን ለአሥራ አንድ ዓመት መርተዋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ሙቀት፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ምንም ነገር ሲያማርሩ የሰማቸው ሰው የለም። «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ ሁልጊዜ መልሳቸው አንድ ነበር፤ ለዚህም ሰው ያከብራቸው ነበር። አሁን ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። አንድ በአንድ፣ ሳይነጋገሩ፣ አሥራ አንዱን ዓመት እንደገና የሰሙት ይመስል ነበር።

«እኔ?» አሉ ዶክተሩ። «እኔማ ምን ደህና አለ ብለው ነው! ወገቤ ተቆርጧል። ጉልበቴ…» ሳል ይዟቸው ቆሙ፤ በመሐረብ አፋቸውን ሸፈኑ፣ መሐረቡን ሳያዩ ኪሳቸው ከተቱ። «ጉልበቴ ደረጃ አያስወጣኝም። ደመወዙ አይረባም። ይሄ ጫማ ደግሞ… ይሄ ጫማ…» ስለ ጫማው የሚሉት አጡ። ማማረር ለምደው አያውቁምና ቃሉ አላልቅ ብሎ ሳይሆን አልጀምር ብሎ ያስቸግራቸው ነበር። «ይጠበኛል» አሉ በመጨረሻ፣ የቀራቸውን ትንፋሽ ሰብስበው። «ብቻ ምን አለፋችሁ፣ ጤነኛ ሰው ነኝ። መስመሩን ለሌላ ሰው ስጡት።»

ማንም መስመሩን አልጠየቀም።

ኮሚሽነሯ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንዳስደገፉ ቆዩ። ከዚያ በሠላሳ አራተኛው መስመር ላይ አንድ ስም ጻፉ፤ ከነማዕረጉ። ዶክተር አንዳርጌ አይተው ሊቃወሙ አፋቸውን ከፈቱ። ትንፋሽ አጠራቸው።

ሰይፉ ድምፅ ማጉያውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ወንበሩ ቀረበ።

«ክብርት ኮሚሽነር» አለ፣ ያለ ማጉያ የሚሰማው ድምፁ ቀጭን ነበር። «አሥራ ሰባተኛው ላይ ያለችው እናቴ…»

«እናትህ ምን?»

«ደህና አይደለችም። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው።»

ኮሚሽነሯ ቀና ብለው አላዩትም። አሥራ ሰባተኛውን መስመር ሰረዙት። ከሰይፉ ጀርባ ያቺ አክስቷን ያስጻፈችው ሴት ለማሰረዝ ተራዋን ትጠብቅ ነበር፤ ከእሷ ኋላም ሌላ ሰው ቆሟል።